ጠዋት ወጥቶ ማታ መግባት፤ ከደሴ ከተማ የሚደረግ የአንድ ቀን መንገድ

በአውሮፓ ዋና ዋና ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች በዕረፍት ቀናቸው ጠዋት ከቤታቸው ተነሥተው፥ ምሳቸውን በሌላ መንግሥት አገር በልተው፥ ማታ በገዛ አልጋቸው እንደሚተኙ ከዚያ የተመለሱ ወገኖቻችን ሲያጫውቱን ብዙ ጊዜ ሰምተናል። ከኦስትሪያ ዋና ከተማ ከቪየና ተሳፍሮ የስሎቫኪያ ዋና ከተማ እስከ ሆነችው እስከ ብራቲስላቫ ድረስ ባቡሩ አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ይሄዳል። ከዴንማርክ ዋና ከተማ ከኮፐንሃገን የተነሣም ሰው በ1992 ዓ.ም. በተከፈተው ታላቅ የባሕር ድልድይ ላይ አልፎ አንድ ሰዓት ሳይሞላው በስዊድን አገር ከማልሞ ከተማ ይደርሳል። ለዚህም ባለጠጋ መሆን አያሻም፤ ቲኬቱን አስቀድሞ የገዛና ዳቦውን በከረጢት የያዘ ተማሪም ያደርገዋል ይባላል።

ይህን በሰማን ጊዜ ቅናት እንዳደረብን አንሸሽግም። ከደሴ ተነሥቶ የሌላ መንግሥት ድንበር ረግጦ ለመመለስ አንድ ቀን አይበቃምና። ኋላ ግን ነገሩን ስንመረምረው፥ ያስቀናን ድንበሩ እንዳልሆነ አገኘነው። ሰው ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባው ሌላ አየር ይተነፍስ ዘንድ፥ ሌላ ቋንቋ ይሰማ ዘንድ፥ ማታም ቤቱን እንደ እንግዳ ያይ ዘንድ ነው። ነገሩ ይህ ከሆነ በደሴ ተቀምጦ በቪየናዊው መቅናት ምን ያደርጋል? ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብላ በጦሳ ተራራ ሥር ተቀምጣለች። ከርሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የተወረደ እንደ ሆነ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል የተሄደ እንደ ሆነ ደግሞ ባቲ በ1,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ጠዋት በጋቢ የተጠቀለለ ሰው እኩለ ቀን ሳይሆን ጥላ ይፈልጋል።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ስለ እናታችን ነው። እናታችን ደሴ ተወልደው፥ ደሴ ተድረው፥ ደሴ ላይ ስድስት ልጆች አሳድገው ዕድሜያቸው ከ70 ሲያልፍ፥ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የሚርቀውን የሐይቅን ውኃ በዓይናቸው አይተው አያውቁም ነበር። አባታችን በሕይወት ሳሉ ለንግድም ለለቅሶም ወሎን ሲዞሩ፥ እሳቸው ግን ቤት ጠባቂ ነበሩ። «ቤቱ ለማን ይተዋል?» የሚል ቃል ነበራቸው። እኛም ልጆቻቸው ካደግን በኋላ «ገንዘብ የለም» እያልን የእሳቸውን ቃል በሌላ ቃል ደገምነው እንጂ ወጪውን ተቀምጠን አስበነው አናውቅም። ካሰብነው በኋላ ለአንድ ተራ ግብዣ ከምናወጣው ያነሰ ሆኖ ባገኘነው ጊዜ አፈርን።

እንግዲህ በአንድ በጋ ሦስት ጉዞ እንዲሆን ቆረጥን። ሁለት ጊዜ መንገዱ ሰላም አይደለም ስለ ተባለ ቀኑን አስተላልፈናል፤ በዚህ ዘመን ወደ መናኸሪያ ከመሄድ በፊት የመንገዱን ወሬ መጠየቅ ስንቅ ከመቋጠር የሚበልጥ ጥንቃቄ ነው።

የመጀመሪያው ወደ ኮምቦልቻ ሆነ። አጭሩ መንገድ ይህ ስለ ሆነ ለእናታችን የሚቀል መስሎን ነበር፤ ዳሩ ግን ተሳስተናል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደው ሐረጎ የሚባለው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ነው። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴ በቀረበ ጊዜ የከተማው ሕዝብ ሲሸሽ እናታችን ይህን መንገድ በእግራቸው ወርደውታል። በዚያው ዓመት ሰው ወደ ቤቱ ሲመለስ ሌሊት ተሳፍረው ስለ መጡ ቁልቁለቱን ዳግመኛ በብርሃን አላዩትም። እኛ ይህን ዘንግተን ነበር። ሚኒባሱ የመጀመሪያውን ጥምዝ በዞረ ጊዜ እናታችን የፊተኛውን ወንበር ጨብጠው ዝም አሉ። ልጆቹ መዝሙር እየዘመሩ ነበርና አላወቁም።

ከቁልቁለቱ መካከል አንድ መንገደኛ ሲወርድ ሾፌሩን ለምነን ጥቂት አስቆምነው። እናታችን ወርደው ከመንገዱ ዳር ወዳለች ቁጥቋጦ ተመለከቱ። ያን ቀን የያዙትን የጤፍ ዱቄት እዚያች ቁጥቋጦ ሥር ጥለውት እንደ ሄዱ ከዚያ በፊት ለማንም አልነገሩም። ጥቂት ከቆዩ በኋላ ዓይናቸውን አንሥተው ወደ ታች፥ የቦርከና ወንዝ ወደሚወርድበት ሸለቆ፥ ከዚያም ወዲያ በጭጋግ ውስጥ ወዳሉት ኮረብቶች አዩና፥ «ለካ ይህን ያህል ያምራል? ያን ጊዜ እግሬን ብቻ ነበር የማየው» አሉ። ሾፌሩም ጥሩንባውን ነፋ፥ ተሳፈርን።

ቦርከና የደሴ ልጅ ነው። በከተማችን መካከል አልፎ በገደል ይወርድና ኮምቦልቻን ያጠጣል፤ ከዚያም ወደ ጨፋ ሜዳ ይዘልቃል፥ ውኃውም ወደ አዋሽ ያመራል። ልጆቹ ጠዋት ከቤታችን በታች የተሻገሩትን ወንዝ ኮምቦልቻ ላይ ሰፍቶ ባገኙት ጊዜ ያው ራሱ መሆኑን አናምንም ብለው ተከራከሩን። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የጨርቃ ጨርቁና የቢራው ፋብሪካ የታወቁ ናቸው፥ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም በዚያው አለ። የደሴ ሰው በአውሮፕላን ሲሄድ የሚሳፈረውም ከኮምቦልቻ ነው። ለእናታችን ግን ከፋብሪካው ሁሉ የበለጠባቸው ሙቀቱ ነበር። ነጠላቸውን አጣጥፈው ከአገልግሉ ላይ አኖሩት፤ ልጆቹም ሸንኮራ እየላጡ ዋሉ። ማታ ደሴ ስንገባ ጭጋጉ ከጦሳ ወርዶ ነበርና እናታችን ከመኪናው ሲወርዱ፥ «ይህች አገር እንዲህ ትበርዳለች እንዴ?» አሉ። ሰባ ዓመት የኖሩባት ከተማ ናት።

ሁለተኛው ጉዞ ወደ ሐይቅ ነው። በዚህ ጊዜ እናታችን ብቻቸውን አንሄድም ስላሉ የቡና ጓደኛቸው አብረው ተነሡ። እኒህ ጓደኛቸው ሙስሊም ናቸው። ወሎን ለሚያውቅ ይህ ስለ ስንቅ ካልሆነ በቀር የሚነገር ነገር አይደለም፤ የአንዱን ሥጋ ሌላው ስለማይበላ አገልግሉ የጾም ምግብ ብቻ መያዝ አለበት። ሽሮ ፍትፍት፥ የድንች ወጥ፥ ዳቦና ቆሎ ተያዘ። ለቤት እመቤቶች እግረ መንገዳችንን የምንመክረው፥ እንዲህ ያለው ስንቅ ርካሽ ከመሆኑም በላይ እስከ ማታ ሳይበላሽ ይቆያል፥ ማንንም ከማዕድ አያርቅም።

ከደሴ ወደ ሰሜን ጥቂት እንደ ተሄደ የቦሩ ሜዳ አገር ይገኛል። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት፥ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክም የተገኙበት ስፍራ ነው። ከዚያ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዘ፤ የወሎው ባላባት መሐመድ ዓሊም ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፥ እኒሁም ሚካኤል ኋላ ደሴን መናገሻቸው አድርገው አቀኗት፥ ንጉሥም ሆኑ። ይህን ታሪክ ለልጆቹ ስንነግር ሁለቱ እናቶች ጸጥ ብለው ሰሙ። ሁለቱም በየልባቸው ምን እንዳሰቡ አናውቅም። ወዲያው ግን የሽንኩርት ዋጋ አንሥተው መጫወት ጀመሩ።

ሐይቅ ከተማ ወርደን በባጃጅ ወደ ውኃው ሄድን። የሐይቁ ስፋት 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር ያልፋል ይባላል፤ ከርሱ ወጥቶ የሚሄድ ወንዝ የለም። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ ደሴት በነበረ፥ ዛሬ ግን በአንድ ወገን ከየብስ ጋር በተያያዘ መሬት ላይ ይገኛል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ገዳሙን አቅንተው፥ መጻሕፍት ሰብስበው ያስተማሩበት፥ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ስመ ጥር ስፍራ ነው። ይህን ሁሉ አስቀድመን አንብበን፥ ለእናታችን ከዚህ የሚበልጥ ስጦታ የለም ብለን ነበር ያመጣናቸው።

ከበሩ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ መነኩሴ ተነሥተው እጅ ነሡና፥ «እናቴ ሆይ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ሥርዐቱ ሴት አያስገባም» አሉ። ይህን ሥርዐት የማያውቅ የለም፥ እኛም እናውቀዋለን፤ ነገር ግን የጉዞውን አሳብ ስናወጣ የምናስበው ስለ መጻሕፍቱ ነበርና ስለ በሩ አላሰብንም። አንድ ሰው ለእናቱ ግብዣ አዘጋጅቶ በሩን ቢዘጋባቸው ከዚህ በምን ይለያል? አንገታችንን ደፋን። እናታችን ግን በሩን ተሳልመው፥ «ግቡና ለእኔም ተሳለሙልኝ፤ እኛ ከውኃው ዳር እንቆያለን» አሉን። ገባን፥ ተሳለምን፥ ዛፎቹንና ጸጥታውን አየን። ስለ ውስጡ ከዚህ የሚበልጥ አንጽፍም፤ ልባችን ውጭ ነበር።

ስንመለስ ሁለቱ እናቶች ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ውኃ ውስጥ ነክረው አገኘናቸው። አንዲት ቆሎ የምትሸጥ የአገሩ ሴት ከአጠገባቸው ተቀምጣ ስለ ሐይቁ የሚነገረውን የቆየ ተረት ታወራላቸው ነበር። በጥንት ዘመን ይህ ቦታ ውኃ ሳይሆን አገር ነበር፤ አንዲት ልዕልት አንዲትን ነፍሰ ጡር ሴት ስለ በደለቻት እግዚአብሔር ተቈጥቶ ምድሩን ሁሉ ወደ ውኃ ለወጠው፥ ልዕልቲቱም ከነወገኖቿ ጠፋች፤ ያች ነፍሰ ጡር የተቀመጠችበት መሬት ብቻ ሳይሰጥም ደሴት ሆኖ ቀረ፥ ገዳሙም የተሠራው በዚያ ላይ ነው።

እናታችን ተረቱን እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ ወደ እኛ ዘወር ብለው፥ «ታዲያ መሬቱ የሴትዮዋ ከሆነ፥ እኛን በሯ ላይ ያስቀመጠን ማን ነው?» አሉ። ጓደኛቸው በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኛ የቆየ ሥርዐት ነው፥ የአባቶች ነው አልን፤ ሥርዐቱንም እናከብራለን። ለጥያቄያቸው ግን መልስ አልሆነም፤ እስከ ዛሬም አላገኘንለትም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ያሰብነው እኛ ሳንሆን እሳቸው ናቸው። ከዓሣ አጥማጆቹ አንዱ ጀልባውን ሲያስር አይተው፥ በምን ያህል እንደሚያዞራቸው ራሳቸው ጠየቁ፥ ራሳቸውም ተከራክረው አስቀነሱ። ጓደኛቸው ውኃ እፈራለሁ ብለው ከዳር ቀሩ። ጀልባው ገዳሙ ያለበትን መሬት በውኃው ወገን እስከ ተቻለ ዞረ፤ እናታችን መሐል ላይ ቀጥ ብለው ተቀምጠው አንድ ቃል አልተናገሩም። ሲመለሱ፥ «እናንተ ውስጡን አያችሁ፥ እኔ ዙሪያውን አየሁ፤ ወፎቹስ!» አሉን። ያን ቀን ማታ ለጎረቤት የተወራው ስለ ገዳሙ ሳይሆን ስለ ጀልባው ነው።

ሦስተኛው ወደ ባቲ ነው፥ እርሱም ሰኞ መሆን አለበት፤ የባቲ ታላቅ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነውና። ደሴም የራስዋ ሰኞ ገበያ ስላላት እናታችን ዕድሜያቸውን ሁሉ በዚያ ቀን ሌላ ቦታ ውለው አያውቁም። ማልደን በ12 ሰዓት ተነሥተን ኮምቦልቻ ላይ መኪና ለወጥን። መንገዱ ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ በኮረብታ መካከል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ይህ መንገድ ከባቲ አልፎ ወደ ሚሌ፥ ከዚያም እስከ ዐሰብ የባሕር ወደብ ድረስ የሚያደርስ ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሥቶ ወደቡ ለእኛ እስከ ተዘጋበት ጊዜ ድረስ የዐሰብ ዕቃ የጫኑ የጭነት መኪናዎች በዚህ ሲያልፉ የኮምቦልቻ ሰው ሌሊት ድምፃቸውን እየሰማ ይተኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ የጭነቱ መንገድ ወደ ጅቡቲ ዞረ። እንግዲህ እኛም በአንድ ዘመን ጎረቤት የሆነ ባሕር ነበረን።

በባቲ ገበያ አፋሩ ከቆላ ግመሉንና ፍየሉን ነድቶ፥ ጨውም ጭኖ ይመጣል፤ ኦሮሞው፥ አማራው፥ አርጎባው እያንዳንዱ የአገሩን ፍሬ ይዞ ይወጣል። ከግመሉ ተራ እስከ እህሉ ተራ ለመሄድ ጆሮ ሦስት አራት ቋንቋ ይሻገራል። የኢትዮጵያን ዜማ የሚያውቅ አንባቢ ደግሞ ከትዝታ፥ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ከአራቱ ቅኝቶች አንዱ ባቲ እንደሚባል ያስታውሳል። ገበያው ግን በዚያ ቀን በዜማ ሳይሆን በፍየል ጩኸት የተሞላ ነበር።

እዚህ ላይ ያልጠበቅነው ነገር ሆነ። እናታችን ከአንዲት ኦሮሞ ሴት ቅቤ ሲገዙ ዋጋው አልስማማ አላቸው። ያን ጊዜ ጓደኛቸው ወደ ፊት ቀርበው በኦሮምኛ ይናገሩ ጀመር፤ በቀስታ ሳይሆን እንደ ወንዝ። ሻጭዋ ሳቀች፥ እጃቸውን ያዘች፥ የማን ልጅ እንደ ሆኑ ጠየቀቻቸው። ለካ ሕፃንነታቸውን ያሳለፉት በዚያው አካባቢ ኖሮ ለመዳር ወደ ደሴ ከመጡ ወዲህ አልተመለሱም። እናታችን ቅቤውን ትተው ጓደኛቸውን አፈጠጡባቸው።

«ሠላሳ ዓመት አብረን ቡና ስንጠጣ ይህን ቋንቋ ታውቂያለሽ?»

«አልጠየቅሽኝማ» አሉ ጓደኛቸው።

ከዚያ በኋላ ሁለቱን መለየት አልተቻለም። ጓደኛቸው እየመሩ፥ እናታችን እየተከተሉ ገበያውን ሁሉ ዞሩት፤ የሰው ስም እየጠሩ ጠየቁ፥ ስለ አንዱ መሞቱ ተነገራቸው፥ ስለ ሌላው ልጅ ማፍራቱ ተነገራቸው። እኛ ከልጆቹ ጋር ዕቃ ጠባቂ ሆነን ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ሰዓቱን ለማየት ኃላፊነቱ የእኛ ነበር፤ አላየነውም። ወደ መኪናው ስንመጣ ፀሐይ ዘቅዝቃ ነበር፥ የቀረው መኪናም አንድ ብቻ ነው። ረዳቱ መቸገራችንን አይቶ ከታሪፉ እጥፍ ጠየቀን፤ ከፈልን። ወጪያችንን በደብተር ጽፈን ስንደምረው ከሦስቱ ጉዞ ሁሉ ትልቁ ወጪ ይህ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ ወደ ባቲ የሚሄድ ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት በፊት የመመለሻውን መኪና ይያዝ። ለመሄጃውና ለመመለሻው የሚበቃውን ገንዘብም ለየብቻ ይቋጥር፤ ገበያ ውስጥ የገባ ገንዘብ አይመለስምና። የመኪናውን ዋጋ እዚህ ያልጻፍነው ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ ነው፤ በመናኸሪያው የተለጠፈውን ታሪፍ ማየት ይበቃል። ልጆች የያዘ ሰው ውኃውን ከቤቱ ቀድቶ ይያዝ፥ ኮፍያም አይርሳ።

ሐረጎን በጨለማ ወጣነው። ልጆቹ ተኝተዋል። ሁለቱ እናቶች ከኋላ ወንበር ላይ ሆነው አንዷ በኦሮምኛ የቡናን፥ የውኃን፥ የቤትን ስም ትጠራለች፥ ሌላይቱ ትደግማለች፤ ስትሳሳት ይሳሳቃሉ። እናታችን ያችን ቁጥቋጦ ስናልፍ ወደ መስኮቱ ዘወር ማለታቸውን አየን፤ ወዲያው ግን «ውኃን ምን አልሽው?» ብለው ጠየቁ።

አሁን የሚቀጥለውን መንገድ እንዲመርጡ ለሁለቱ ትተንላቸዋል። እነርሱም ውጫሌን መርጠዋል፤ በአምባሰል በኩል ከደሴ ወደ ሰሜን 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ምኒልክ ከኢጣልያ ጋር ውል የተዋዋሉበት፥ የውሉም 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው አንድ፥ በኢጣልያንኛው ሌላ ሆኖ ለዐድዋ ጦርነት ምክንያት የሆነበት አገር ነው። የእናታችን ጓደኛ ይህን በሰሙ ጊዜ፥ «በሁለት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው አጠገባቸው አልነበረም እንዴ?» ብለው ጠየቁን። መንገዱ ሰላም መሆኑን ስንሰማ እንሄዳለን።